ክርስቲያን መንግሥት በምን ሕግ ይዳኝ? በኦሪት ወይስ በሕገ ልቡና?

ጠበቃው ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት ወንድማችን «ይህች አገር የምትድነው የእግዚአብሔር ቃል የመንግሥት ሕግ ሲሆን ብቻ ነው» አለ። አንዷ እህት «የትኛው ቃል?» አለችው። «ለሙሴ የተሰጠው ነዋ!» አላት። ግማሹ ሰው አሜን አለ። እኔ ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በጥብቅና ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው በወንጀል ችሎት ነው። አንድ የሕግ መስመር ወረቀት ላይ ሲነበብ ሌላ ነው። አንገቱን የደፋ ሰው ፊት ሲነበብ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

በክርስቲያኖች መካከል ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉ። አንደኛው ክርስቲያን የሆነ ገዢ ሕጉን ከመጽሐፍ ይውሰድ፣ ወንጀሉንም ቅጣቱንም ሙሴ እንደ ጻፈው ያድርግ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ደጉን ከክፉው የሚለይበትን ዕውቀት በልቡ አኑሯል፣ መንግሥትም የሚቆመው በዚያ በሕገ ልቡና ላይ ነው ይላል። መጽሐፍ ያንን ዕውቀት ይቀሰቅሰዋል፤ ሲጣመምም ያቀናዋል። ይኼኛው ጳውሎስን ይጠራል። ሮሜ 2 ላይ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንዳለ ያሳያሉ ተብሏልና።

አሁን ምሳሌ ላንሣ። ዘጸአት 22 በሬ የሰረቀ አምስት፣ በግ የሰረቀ አራት አድርጎ ይክፈል ይላል። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል። ዘዳግም 21 ደግሞ እልኸኛና ዓመፀኛ ልጅን ወላጆቹ ወደ ከተማው ሽማግሌዎች ያውጡት፣ ሰዎቹም በድንጋይ ይውገሩት ይላል። ያ ወንድማችን ይህንንም ይፈልጋል? አይመስለኝም። እሺ፣ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን ከተወ በምን ወንፊት ነፋው? ወንፊቱ ከመጽሐፉ ውስጥ ነው ወይስ ከልቡ?

አደራ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ይዘን እንዳንጨቃጨቅ። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምጠይቀው ከዚያ በታች ስላለው መሠረት ነው።

የዳላሱ ወንድም

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እዚህ አሜሪካ ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስነሣው ራሽዱኒ የሚባል የአርመን ስደተኞች ልጅ ነው፤ ፓስተር ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሥርቱ ትእዛዛት ዙሪያ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ከእሱ በኋላ ግሬግ ባንሰን ክርክሩን አጠበቀው። «ቴዎኖሚ» ይሉታል። የእግዚአብሔር ሕግ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የሚታየው የድንጋይ ውርወራ ብቻ ነው። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሱቄ ተሰብሮ ተዘረፈ። ሌባው ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ። እኔ ግን አንዲት ሳንቲም አላየሁም። ይባስ ብሎ እስር ቤት የሚቀለበው ከእኔም ግብር ነው። በሙሴ ሕግ ግን የሌባው ዕዳ ለተበደለው ሰው ነው። ኦሪትን ገልጣችሁ ፈልጉ፣ እስራት የሚባል ቅጣት አታገኙም። ያ ሕግ ተበዳዩን ያያል።

ሌላም አለ። ዘዳግም 17 ንጉሥ ሲነግሥ የሕጉን ግልባጭ ለራሱ ይጻፍ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንብበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ይላል። ከሕግ በላይ የሆነ ገዢ ስንት አይተናል? በአንድ ምስክር ብቻ ማንም አይፈረድበትም። በሐሰት የመሰከረ ሰው በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው በራሱ ላይ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ሕግ ካላችሁ አሳዩኝ።

ሕገ ልቡና ትላላችሁ። የማን ልቡና? የዳኛው? የካድሬው? ኤርምያስ 17 የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ ነው ይለናል። ልብ በተለዋወጠ ቁጥር ሕጉም ይለዋወጣል። የተጻፈ ግን ተጽፏል።

ወንፊቱ አዲስ ኪዳን ነው። የመሥዋዕቱን ሥርዓት ክርስቶስ እንደ ፈጸመው ዕብራውያን ይነግረናል። የዓመፀኛው ልጅ ሕግም ስለ ሕፃን አይደለም። ተሳዳቢና ሰካራም ስለሆነ ጎልማሳ ነው። አባትየው ብቻውን እጁን ማንሣት አይችልም፤ ነገሩን ለሽማግሌዎች ያቀርባል። አባት በልጁ ላይ የፈለገውን በሚያደርግበት ዘመን ይህ ልጓም ነበር።

ዲያቆን ዘደብር

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን ሦስት ዘመን ቆጥረውልናል። ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። ከአዳም እስከ ሙሴ ያለው ዘመን የተጻፈ ሕግ የለበትም። ሰው ግን ያለ ሕግ አልኖረም።

ዮሴፍን አስቡት። የጲጥፋራ ሚስት ስትፈትነው «አታመንዝር» የሚል ጽላት ገና አልተሰጠም። ሲና ገና ነው። እሱ ግን ይህን ክፉ ነገር አድርጌ በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአት እሠራለሁ አለ። ማን ነገረው? ቃየልስ ወንድሙን ሲገድል ማን የከለከለው ሕግ ኖሮ ተጠየቀ?

ስለዚህ ወንድማችን ከዳላስ፣ ሕገ ልቡና የካድሬ ስሜት አይደለም። ፈጣሪ መጀመሪያ የጻፈው ሕግ ነው። ኦሪት የመጣችው ያ ጽሕፈት ስለደበዘዘ ነው።

ለመንግሥትም ቢሆን መጽሐፍ አለን። ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊው፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊው ይናገራሉ። በትውፊት 318ቱ የኒቅያ አባቶች ደረሱት ይባላል። አንቀጽ 44 ስለ ነገሥታት ነው፤ ያንኑ ዘዳግም 17ን ይጠቅሳል። የምትፈልገው ነገር ከነጓዙ እዚህ ቤት ነበረ።

ከኔታንያ

ቃል ኪዳኑ የሚጀምረው «ከግብፅ ምድር፣ ከባርነት ቤት ያወጣሁህ» ብሎ ነው። ሕጉ የተሰጠው ለዚያ ሕዝብ ነው። ቤተ እስራኤል በጎንደር ተራሮች በኋለኞቹ ዘመናት ንጉሥም ችሎትም ሳይኖራቸው ኦሪትን ጠብቀው ኖረዋል። አያቴ ቄስ ነበሩ። ሰው ሲጣላ ያስታርቁ ነበር። ማንንም በድንጋይ አላስወገሩም። ኦሪት ለእኛ ቤትና ቅዳሜ፣ ንጽሕናና ጸሎት ነው። ሌላው ሕዝብ እንደ ወንጀል መቅጫ ሲመዘው ስሰማ ልቤ ይከብዳል። ይህን ብቻ ልበል።

የታሪክ መምህርቷ

ዲያቆን፣ በአክብሮት ትንሽ ልጨምር።

ፍትሐ ነገሥትን በዐረብኛ ያጠናቀረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ኢብን አል-አሳል የሚባል የግብፅ ክርስቲያን ነው። ይህን ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ ሁልጊዜም ይገርመኛል። ሰውየው የኖረው በሙስሊም ሱልጣን ሥር ነው። ክርስቲያን ንጉሥ አልነበረውም። ስለ ነገሥታት የጻፈው መጽሐፍ ንጉሥ ያገኘው እኛ ጋ መጥቶ ነው። በውስጡ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቀኖና ጎን ለጎን የቢዛንታይን ቄሣሮች ሕግ አለ። ስለዚህ ፍትሐ ነገሥት «የሙሴ ሕግ» አይደለም። ድብልቅ ነው፤ አጠናቃሪው እየመረጠ ነው የሄደው።

በሙሴ ፊደል መግዛት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ግን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ያንብብ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ገዙ። ጥንቆላንና ጣዖትን ለማጥፋት ቆርጠው ተነሡ። ዘዳግም 13 የገዛ ልጅህ እንኳ ወደ ሌላ አምላክ ቢያስትህ አትራራለት ይላል። ዜና መዋዕላቸው ልጆቻቸው በጣዖት አምልኮ ተከስሰው እንደተቀጡ ይነግረናል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው የደረሰባቸውን ስታነቡ እንባ ይመጣል። ንጉሡ ክፉ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነገር ያደረጉ፣ የተማሩ ሰው ናቸው። እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ። ከልባቸው ነበር።

ወንድማችን ከዳላስም ያለበት አገር ይህን ሞክሮታል። ከእንግሊዝ የፈለሱት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ የማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች፣ በ1641 እ.ኤ.አ. ሕግ ሲያወጡ 12 የሞት ወንጀሎችን ዘርዝረው ከሞላ ጎደል ከእያንዳንዱ ጎን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጻፉ። ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በቦስተን ኩዌከሮችን ሰቀሉ። ያውም ክርስቲያኖችን።

የሚገርመው የእነሱ መምህር ካልቪን ራሱ ይህን መንገድ አልተቀበለም። የሙሴን የፍርድ ሥርዓት ያልተከተለ መንግሥት መንግሥት አይደለም የሚሉትን አደገኛ፣ ሐሰተኛና ሞኝ ሐሳብ ነው ብሎ ጽፏል። የምግባር ሕግ ማለት እግዚአብሔር በሰው ልብ ያተመው የተፈጥሮ ሕግ ምስክር ነው ይላል። እንዲህ የጻፈው ሰው ከተማ ጄኔቫ በ1553 እ.ኤ.አ. በመናፍቅነት የተከሰሰውን ሰርቬቱስን በእሳት አቃጠለች። ጽሑፉና እሳቱ እንዴት አንድ ቦታ እንደተገናኙ አስቤ አስቤ አይገባኝም።

ሰላም ፈላጊ

ክሩን ከጧት ጀምሬ እያነበብኩ ነው። እባካችሁ በዚሁ ትሕትና ቀጥሉ።

የዳላሱ ወንድም

መምህርት፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኩዌከሮቹን ነገር መካድ አልችልም። ስሕተት ነበር፤ ደምም ነው።

ግን ሌላውን ወገንም እንይ። አርስቶትል በተፈጥሮ አእምሮ የመጨረሻው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ነው። ስለ ባርነት ምን አለ? አንዳንዱ ሰው ሲፈጠር ባሪያ ነው አለ። የልቡና ብርሃን ብቻውን እዚያ አደረሰው። ሙሴ ግን ዘዳግም 23 ላይ ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ ለጌታው አሳልፈህ አትስጠው፣ በወደደው ቦታ ካንተ ጋር ይቀመጥ ይላል። ዘጸአት 21 ሰውን ሰርቆ የሸጠ ይገደል ይላል። ይህ ሕግ በሠራበት አገር የባሪያ ንግድ ይቆማል። ንገሩኝ እስቲ፣ የቱ ነው ለሰው የራራው?

የአምቦ ልጅ

እኔ የሕግም የታሪክም ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ልናገር።

ልጅ ሆኜ አጎቴ በጠብ መሃል ሰው ገደለ። ሳያስበው ነው፣ ግን ሰው ሞተ። ቤታችን ሌሊት ሌሊት መብራት አይበራበትም ነበር። የሟች ወንድሞች ደመኛ ሆኑብን። አጎቴ ታሰረ፣ ያ ግን ደሙን አላደረቀውም። ያደረቀው ጉማ ነው። ሽማግሌዎች ገቡ፣ ወራት ፈጀ፣ ካሳ ተከፈለ። በመጨረሻ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ ቀመሱ። ዛሬ የሟች ልጅ የእኔ ጓደኛ ነው።

በኋላ ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ዘኁልቁ 35ን አነበብኩ። ሞት ስለሚገባው ነፍሰ ገዳይ ሕይወት ካሳ አትቀበሉ ይላል። ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ሽምግልና ኃጢአት ነበር? ሽማግሌዎቹ አንድም ጥቅስ አልጠቀሱም። የሁለት ሰፈር ልጆችን ከመሞት ግን አተረፉ። መጋቢዬን ስጠይቃቸው ዝም አሉ። እናንተስ ምን ትሉኛላችሁ?

ጠበቃው ከሐዋሳ

ወንድሜ ከአምቦ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እንደ ጠበቃም እንደ አማኝም ያለኝን ልስጥህ።

ያ የዘኁልቁ ቃል ሀብታም ገድሎ በገንዘቡ እንዳያመልጥ ነው የቆመው። የድሃ ደም በብር እንዳይተመን። በዚያው ምዕራፍ ሳያስብ የገደለ ሰው የሚሸሽበት የመማፀኛ ከተማ ተዘጋጅቷል። የእናንተ ሽማግሌዎችም የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ ደም ደምን እንዳይጠራ። ቃሉን አላወቁም ይሆናል፣ ቃሉ የቆመለትን ነገር ግን አውቀዋል። ሮሜ 2 ስለ እነሱ የተጻፈ ይመስለኛል።

ለወንድማችን ከዳላስ ሁለት ነገር ላንሣ። አንደኛ፣ ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ ሲጠይቁት ጌታ ምን አለ? ሙሴ ስለ ልባችሁ ጥንካሬ ፈቀደላችሁ፣ ከጥንት ግን እንዲህ አልነበረም አለ። ከሙሴ ሕግ ጀርባ ያለውን አሳያቸው። ወደ አፈጣጠራቸው መለሳቸው። ጌታ ራሱ የኦሪቱን አንቀጽ በፍጥረት ከመዘነው እኛ እንዴት አንመዝንም?

ሁለተኛ፣ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች። ዘኁልቁ 27። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ሕጉ ርስት አልሰጣቸውም። አምስቱም መጥተው በሙሴ ፊት ቆሙና «ለምን?» አሉ። እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ ብሎ ሕጉን ለወጠላቸው። ያ «ለምን» ከየት መጣ? ከተጻፈው አይደለም፣ የተጻፈው ይቃወማቸው ነበር። ይህን ምዕራፍ በችሎት ኮሪደር ላይ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት።

የሱቅህ ነገር ግን እውነትህን ነው። እኛም አገር ተበዳዩ በወንጀሉ ክስ ላይ ካሳውን አንድ ላይ መጠየቅ የሚችልበት በር ሕጉ ውስጥ አለ። በሩ ግን ብዙ አይከፈትም። ዘጸአት 22 እዚህ ላይ ያሳፍረናል።

ስለ ባርነት ላነሣኸው ደግሞ ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 31ን ማንበብ አለብን። ዲያቆን፣ እርስዎ ቢያነሡት ይሻላል።

ዲያቆን ዘደብር

አንቀጽ 31 ስለ ባርነትና ስለ ነጻነት ነው። በራሴ አማርኛ ሐሳቡን ላስቀምጠው። ነጻነት ከልቡና ሕግ ጋር የሚስማማ ነው፤ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ በነጻነት ይተካከላሉና። ነገር ግን ጦርነትና የፈረስ ኃይል አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደርጉታል፤ ድል የሆነው ለአሸናፊው ይገዛልና። ከዚያ ኦሪትን ይጠቅሳል። ሌዋውያን 25፣ በዙሪያችሁ ካሉት አሕዛብ ወንድና ሴት ባሪያዎችን ግዙ የሚለውን። ባሪያን ነጻ ማውጣት መልካም ሥራ እንደሆነም ይናገራል።

ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። እውነት ስለሆነ ግን ጻፍኩት።

የታሪክ መምህርቷ

አዩት? በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱ ሕጎች ተፋጠዋል። ሕገ ልቡና ነጻ ናቸው አለ። ባርነትን ለማጽናት የተጠራው ደግሞ የኦሪት ጥቅስ ነው።

ያ 1641 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ሕግም እንደዚሁ ነው። ሰው የሰረቀ ይሙት ይላል፣ ዘጸአት 21ን ጠቅሶ። በዚያው ሰነድ ውስጥ ሌላ አንቀጽ አለ። በትክክለኛ ጦርነት የተማረኩትንና የተሸጡልንን ባዕዳን በባርነት መያዝ ይፈቀዳል፤ የእግዚአብሔር ሕግ በእስራኤል ለእንደነዚህ ያሉት የሰጠው መብት ይኖራቸዋል ይላል። እኛና እነሱ አንተዋወቅም። ባሕር በመካከላችን አለ። ግን በአንድ በር ገባን፤ ጦርነትና ሌዋውያን 25።

በእኛ አገር ይህ በር የተዘጋው በስንት ጣጣ ነው። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስንሆን ባርነት ትልቁ ጥያቄ ነበር። በዚያው ዓመት ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ፍትሐ ነገሥት ለ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቦታውን ለቀቀ። የ1949 ዓ.ም. ሕግ ግን፣ ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ሆኖ ሳለ፣ በመግቢያው ፍትሐ ነገሥትን በክብር ያነሣዋል።

ከድሬዳዋ

እኔ ሙስሊም ነኝ። ልግባ ወይስ አልግባ ብዬ ብዙ አሰብኩ።

በትውፊታችን የታወቀ ነው። የነቢዩ ባልደረቦች በመካ ሲሠቃዩ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእሱ ዘንድ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ አለ ብለው ነው የላኳቸው። ቁረይሾች ስጦታ ይዘው መጥተው መልሱልን አሉ። ነጃሺ ክርስቲያን ነበሩ። ሁለቱን ወገን ሰሙ። ስጦታውን መለሱ፣ ስደተኞቹን አስጠለሉ።

በምን ሕግ ፈረዱ? ስደተኞቹ የእሳቸውን እምነት አልተቀበሉም። መጽሐፍ ይዤ እቀጣለሁ ቢሉ ምክንያት አያጡም ነበር። መጀመሪያ ሰሙ፣ ከዚያ ፈረዱ። ክርስቲያን መንግሥት ስትሉ እኔ የማስበው እሳቸውን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሦስት ሰው አንዱ ሙስሊም በሆነባት አገር የትኛው ንጉሥ እንደሚሻለን ለእኔ ግልጽ ነው።

የዳላሱ ወንድም

ወንድሜ ከድሬዳዋ፣ እንኳን ገባህ። እኔ የምለው ዘዳግም 23 እኮ ያንኑ ነው የሚለው፤ የሸሸውን አትመልስ። ነጃሺ ያንን ፈጸሙ። ምናልባት ያነበቡት ነው፣ ምናልባት ሳያነቡት። አሁን እሱን እያሰብኩ ነው።

ዝምተኛዋ አንባቢ

እዚህ መድረክ ላይ ስድስት ዓመት አንብቤያለሁ። ጽፌ አላውቅም። አንቀጽ 31 ሲነሣ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

የእናቴ አያት በልጅነቷ ከከፋ በኩል ተወስዳ የመጣች ናት። ዕድሜዋን አታውቅም። ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል ትል ነበር፣ የፊት ጥርሷን ነቅላ ስለነበር። ገዢዎቿ ክርስትና አስነሷት፣ ስሟንም ለወጡት። እናቷ የምትጠራትን ስም ለእናቴ ብቻ ነግራታለች። እናቴም ለእኔ። እዚህ አልጽፈውም።

ጌታዋ በየቀኑ ዳዊት የሚደግም ሰው ነበር። ይህን ሁልጊዜ ትናገር ነበር። «ጾሙን የማይሽር፣ ድሃ የማይመልስ» ትል ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ እናደድ ነበር፣ ለምን ታመሰግነዋለች ብዬ። ማመስገኗ አልነበረም። የነበረውን ነው የተናገረችው።

ሌሊት ሌሊት እናቷን በቋንቋዋ ትጣራ ነበር። እመቤቲቱ እየሰማች አትተኛም። አንድ ሌሊት ለባሏ «ይህችም የእናት ልጅ ናት» አለችው። እሱም «መጽሐፉ ይፈቅዳል» አላት። ሕፃኗ አማርኛ ጥቂት ለምዳ ስለነበር ሁለቱንም ሰማች። እስክትሞት ድረስ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ትደግማቸው ነበር። አንዱን በሴት ድምፅ፣ አንዱን በወንድ ድምፅ። ነጻ የወጣችው ከጣሊያን በኋላ፣ በ1934ቱ አዋጅ ነው።

እመቤቲቱ ማንበብ አትችልም ነበር። ያንን «የእናት ልጅ ናት» የሚለውን ከየትም አልተማረችውም። ልክ ነበረች። ጌትየው ጥቅስ ነበረው። ጥቅሱም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ለሁላችሁም የምጠይቀው፣ እንግዲህ መንግሥት ስታቆሙ በማን ቃል ነው የምታቆሙት?

ሰላም ፈላጊ

እህቴ፣ አመሰግናለሁ ስለነገርሽን።

የዳላሱ ወንድም

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሁለታችንም ዝም አልን።

ያመንኩትን አልለወጥኩም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ያ ሰው ዘጸአት 21ን ቢያነብ ያቺ ልጅ የተሰረቀች እንደሆነች ያውቅ ነበር። ችግሩ የመጽሐፉ አይመስለኝም። ግን ዳዊት በየቀኑ የሚደግም ሰው ያንን ጥቅስ ለምን አላየውም? ሌዋውያን 25ን ያየ ዓይን ዘጸአት 21ን እንዴት ሳተው? መጻፍ ብቻውን ይበቃል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ለዚህ ግን መልስ የለኝም። እመቤቲቱ ያየችው ነገር እሱ ላነበበው መጽሐፍ ዓይን ሊሆነው ይገባ ነበር። እስከዚህ ድረስ መጥቻለሁ።

ጠበቃው ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ እኔም ከዚህ ብዙ አልርቅም። መጽሐፉ ባይኖር እኔ ራሴ አርስቶትልን ሆኜ ልቀር እችላለሁ። የተጻፈው ያስፈልገኛል። ዳኛ ሆኜ ብቀመጥ ግን መጀመሪያ የምሰማው ማታ የምታለቅሰዋን ልጅ ነው። ከዚያ ነው የምገልጠው። እሑድ ያንን ወጣት ወንድማችንን አገኘዋለሁ። ይህን ክር እንዲያነብ እልክለታለሁ። እህቴ ከፈቀደች።

ዝምተኛዋ አንባቢ

ፈቅጃለሁ።

ዲያቆን ዘደብር

ትናንት ማታ አንቀጽ 31ን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩ። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንደጨረስኩ «እዚህ ጋ ቁም» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ቀጥል» አሉ። ስለ ጦርነቱ አነበብኩ።

ትንሽ ቆዩና «አንደኛው እግዚአብሔር ሰውን እንዴት እንደ ፈጠረ ይነግርሃል። ሁለተኛው ሰው በፈረስ ተቀምጦ ምን እንዳደረገ ይነግርሃል» አሉኝ። ሌዋውያን 25 ላይ ስደርስ ፊታቸውን አዞሩ። ስለ እህታችን ቅድመ አያት ነገርኳቸው። ስሟን ጠየቁኝ፣ በጸሎት ሊያስቧት። አልተነገረኝም አልኳቸው።

ዝምተኛዋ አንባቢ

ዲያቆን፣ የክርስትና ስሟን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ሌላኛውንም አብሬ እልካለሁ። የኔታ ሁለቱንም ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። ያንን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ላይ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ላነብላት እፈልጋለሁ። ግዕዝ ስለማትሰማ አማርኛውን ከጎኑ ጻፍልኝ።

ዲያቆን ዘደብር

እሺ እህቴ። መጽሐፉ የኔታ ቤት ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አንስቼ እልክልሻለሁ። አማርኛውን በጉልህ እጽፈዋለሁ፣ እማማ ራሳቸው እንዲያነቡት።